ፊቱን ለጎረቤት የሰጠኸው አጥር

ውድ ባለቤቴ ታዴዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት እየመጣ ነው። እኔም ልጃችን ሰላምም ደህና ነን። ሰላም ለገሃር አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ሥራ ይዛለች። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል፤ ግቢው ግን አንተ ላነጠፍከው ድንጋይ ምስጋና ይግባውና ጭቃ አያውቅም።

የምጽፍልህ ስለ አጥሩ ነው። ጎረቤታችን ግርማ አንተ እያለህ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አይወጣውም ነበር። ለቅሶህ ካለፈ በኋላ ግን ሰውዬው ማር ሆነ። ጠዋት እንደምን አደርሽ፣ ማታ ምን ጎደለሽ። ይሄ ደግሞ ከየት መጣ አልኩ። አንድ ቀን እኛ ግቢ ቆሞ አጥሩን በመዳፉ መታ መታ ሲያደርግ ሳየው ደስ አላለኝም። ሰላም ሰው ማመን አቅቶሽ ቀረ እያለች ትቆጣኛለች።

ከፋሲካ በኋላ ሰውዬው አጥሩ የእኔ ነው ብሎ አረፈው። አፍርሶ በብሎኬት ሊተካው፣ ድንጋዩን ደግሞ በቤቱ የፊት ግድግዳ ላይ ሊለጥፈው ነው። ማስረጃው ምን መሰለህ፤ የድንጋዩ ፊት። እዚህ ሰፈር አጥር የሚያሠራ ሰው ያማረውን ፊት ወደ ራሱ አዙሮ ጀርባውን ለጎረቤት ይተዋል። የእኛ አጥር ፊት ያለው በእሱ በኩል ነው።

ተናደድኩብህ። ያኔ አጥሩን ስትሠራም ተጨቃጭቀንበታል እኮ። ካዛንቺስ ከፈረሱት ቤቶች መሠረት በጋሪ ያመጣኸውን፣ አንዱ ከአንዱ የማይመሳሰል ድንጋይ እያገላበጥክ ስትገጣጥም ውሃ አቀብልህ ነበር። አጥሩ ላይ ስትደርስ ያማረውን ሁሉ ወደ እሱ አዞርከው። ለምን ብልህ፣ ብርሃኑን ጋርደንበት ደግሞ ጀርባ እንስጠው እንዴ አልከኝ። ያ ይሉኝታህ ለእኔ ያተረፈልኝ ጎርባጣውን ጀርባ ነው። አሁን ሳስበው አንተንም መጠርጠር ጀመርኩ። ሳትነግረኝ አጥሩን ልትሰጠው ቃል ገብተህለት ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

በመጨረሻ የእድሩ ሽማግሌዎች መጡ። በእኛ በኩል አይተው ወደ እሱ ግቢ ይዘውን ገቡ። ከአጥሩ ሥር አፈሩን ጫር ጫር ሲያደርጉ አንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወጣ። ከእኛ ግቢ ንጣፍ ተነስቶ፣ በአጥሩ ሥር አልፎ፣ በእሱ በኩል ስንዝር ያህል ብቅ ብሏል። ለካ ንጣፋችን የሚያልቀው ወሰናችን ላይ ነው፤ አጥሩን ያቆምከው ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ አድርገህ ነው። ሽማግሌዎቹ አጥሩ የእኛ ነው ብለው ፈረዱ፤ ግርማም አንገቱን ደፋ።

እኔ ግን ፍርዱን በቅጡ አልሰማሁትም። እሱ ግቢ ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል፤ የአጥሩን ፊት እንዲህ ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር። ትንሹ ከትልቁ፣ ሹሉ ከጎባጣው ጋር ልክክ ብሎ ገብቷል፤ ሲሚንቶው በመካከሉ ለዓይን እንኳ አይታይም። እጅህን ያየሁ መሰለኝና አለቀስኩ። ሰውዬው ለምን እንደጎመጀም ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስመለስ እሱ ግቢ ጎራ እላለሁ። አጥሩ ፊት ወንበር ያወጣልኛል። ለምን እንደሚያወጣልኝ ገና አልደረስኩበትም፤ ቁጭ ግን እላለሁ። ዓይኔ እስካየ፣ እግሬ እስከቻለ ድረስ እየሄድኩ አይሃለሁ፣ ታዴዬ።

ባለቤትህ አስቴር