በግራው ካልሲ ውስጥ

ለምወድህና ለምፈራህ፣ ከምፈራህ ይልቅ ለምስቅብህ ወንድም ጋሼ፤

ከቤይሩት፣ ከደክዋኔ ሰፈር፣ ከማዳሜ ቤት አምስተኛ ፎቅ፣ ልብስ ከማሰጣበት በረንዳ ሰላምታዬ ይድረስህ። ጨጓራህ እንዴት ነው? እኔ ከወገቤና ከማዳሜ በቀር የሚያመኝ የለም፣ ተመስገን።

አሁን ኮፍያህን አውልቅና ተቀመጥ። በቤታችን ላይ ከባድ ነገር ደርሷል፤ ታላቅ ወንድም ነህና መርዶውን ቀድመህ መስማት ያለብህ አንተ ነህ። እህትህ ጸሐፊ ሆናለች። አዎ፣ ያቺው ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠችው። እግዜር ያጽናህ።

የሾመኝ ቢረሳው ነው፣ እዚህ ቤይሩት የግንባራችሁ ተጠሪ። በየዓመቱ ከእኛ ከቤት ሠራተኞቹ ለእናንተ ለታጋዮቹ ካልሲ የሚሰበስበው። ዘንድሮ ካልሲውን ትቶ ስለ እሁዴ ጠየቀኝ። እሁድ በቫን ዶራ ሰፈር ወርጄ የጴንጤዎቹ አዳራሽ እገባለሁ፤ ለእማዬ እንዳትነግራት። ማተቤን አልበጠስኩም፣ የምሄደው ለመዝሙሩና ለጓደኛዬ ለናዝራዊት ነው። እዚያ አንድ ልማድ አለ፦ ፓስተሩ እንግዶች ተነሡ ይላል፣ አዲስ የመጣ ሰው ተነስቶ ስሙን ከነአባቱ፣ ከተማውንም ጨምሮ ይናገራል፣ አዳራሹ ያጨበጭብለታል። ቢረሳው የፈለገው ይህንኑ ነው። ከአከራያችሁ አገር የመጡትን እንግዶች ስም ከነአባታቸው ጻፊልኝ አለ።

አከራያችሁ የምለው ድንበር ስትሻገሩ ጠመንጃና ሰፈር የሰጣችሁን ፕሬዚዳንት ነው። ስሙን ብጽፈው ካልሲው ይቀደዳል። ናዝራዊትም ከዚያው አገር ነች። እሷ እንደምትለው እዚያ ያለ ፈቃዱ ተሰብስቦ የጸለየ ይታሰራል፣ ልጁ ከአገር ከወጣ ደግሞ አባቱን ይወስዳሉ። ይህ የእኛን አገር ነጻ ከማውጣት ጋር ምን አገናኘው ብዬ ቢረሳውን ጠየቅኩት። ያስጠጋን ሰው አይከፋም፣ ወንድምሽም በዚያ በኩል የድርሻውን እየሠራ ነው አለኝ። እኔ እኮ ኪራይ የሚከፈል በገንዘብ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እምቢ ብለው ሌላ ሰው ይልካል። ስለዚህ እሺ አልኩና ማዳሜ ስትተኛ ማቴዎስን ገለጥኩ፣ ምዕራፍ አንድ። አዛር ሳዶቅን ወለደ ይላል፤ ሳዶቅ አዛር ብዬ ጻፍኩ። ሳዶቅ አኪምን ወለደ፤ አኪም ሳዶቅ። አኪም ኤልዩድን፤ ኤልዩድ አኪም። ወንድም ጋሼ፣ እንዴት እንደሚያምር ብታይ፣ ልክ የእኛ ሰው አጠራር ነው። ለጴንጤ ደግሞ እንዲህ ያለ ስም ብርቅ አይደለም። ከአገራቸው ከተሞች አንዳንድ እየመረጥኩ በየስሙ አጠገብ ጻፍኩ፣ ለሳዶቅ ናዝራዊት የምታወራልኝን የራሷን ከተማ ሰጠሁት። ያዕቆብና ዮሴፍ ጋ ስደርስ ግን ኸላስ፣ አቆምኩ፣ እነሱን ማንም ያውቃቸዋል። ቢረሳው ግንባር ከገባ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱስ ነክቶ አያውቅም። ዝርዝሩን ስሰጠው ጀግና አለኝ። ሳምንት ሙሉ ለብቻዬ ስስቅ ማዳሜ ሐኪም ልትወስደኝ ነበር።

ከዚያ፣ እሁድ ሦስት ሳምንቱ ነው፣ የጸሎት ርዕስ ያለው ሲባል ናዝራዊት ተነሳች። በከተማቸው አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አለ፣ የትምህርት ቤት ልብሷን የሰፋላት። ስሙ አዛር። ሰዎች መጥተው ልጅህ ሳዶቅ የት ነው አሉት። አራት ሴቶች እንጂ ወንድ ልጅ የለኝም አለ። ቤይሩት ሲጸልይ የታየ ልጅህን ትክዳለህ ብለው ወሰዱት። ከድሮው የጥጥ መጋዘን አስገብተውታል ይባላል።

አዳራሹ ሁሉ አለቀሰ። አጠገቤ ያለችው ሴት እጄን ያዘችና ያን ስም የጻፈውን እጅ ጌታ ይስበረው አለች። አሜን አልኩ። ምን ልበል? እጄ በእጇ ውስጥ ነበር።

ለናዝራዊት አልነገርኳትም። ቀልድሽ የት ሄደ ስትለኝ የፓስተሩ ሻይ ላይ ጨው ጨመርኩ፣ እንድታምነኝ። ሳቀች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። የታጠበ ሳህን መልሼ አጥባለሁ፤ ማዳሜ ደግሞ ሜርሲ ብላ ታመሰግነኛለች።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። የጥጥ መጋዘን ነው የምጠብቀው ብለኸኝ ነበር። ባለፈው ስትደውል ጥጡ ሲያስል ሰማሁ። ቀጥሎም ውሃ ለመነ። አንተ ዝም በል አልከው፣ ለእኔ ሬዲዮ ነው አልከኝ። ያኒ፣ ማለቴ፣ እኔም ተቀበልኩህ። ግን ሬዲዮ ዝም በል ሲሉት ዝም አይልም፣ ወንድም ጋሼ። እዚያ አገር ስንት የጥጥ መጋዘን እንዳለ አላውቅም።

በስልክ ያልነገርኩህ አጠገብህ የሚሰማ ስላለ ነው። ደብዳቤም ቢሆን ቢረሳው ይከፍታል። ካልሲ ግን ቢያብጥም አይከፍትም፣ ሴቶቹ ሳሙና እንደሚጨምሩበት ያውቃል። ስለዚህ ይህንን ራሱ ተሸክሞ እያመጣልህ ነው፤ ሲደርስ ደህና አድርገህ አመስግንልኝ።

ከማቴዎስ የቀደድኩት ገጽም አብሮ አለ። ቁጥር አሥራ አራትን አንብብ፣ ከላይ ከነገርኩህ ስሞች ጋር አስተያየው፣ ሽማግሌው እንዳልዋሸ ታያለህ። ለአለቃህ ብታሳየው ማን ጻፈው ይልሃል። እኔን እዚህ አያገኙኝም። የሚያገኙት አንተን ነው። ይህንን እያወቅኩ ስለሆነ የጻፍኩት አድርግ ብዬ አላዝህም። የመምህሩን ወንበር ሙጫ የቀባሁት እኔ ሆኜ ተነስተህ እኔ ነኝ ያልክ ቀንም አላዘዝኩህም። ዘጠኝ ጅራፍ ነበር፤ እኔ ከመስኮቱ ውጭ ሆኜ ስስቅ፣ ከዚያ መሳቁ ሲያቅተኝ።

ጥቅሉ ውስጥ ሁለት ጥንድ አለ። ግራጫው ያንተ ነው። ቡኒውና ሰፊው ለሽማግሌ እግር ነው። የጣቱ ጫፍ በመርፌ የተበሳሳ ሰው ካየህ የእሱ ነው፣ ሳትጠይቀው ስጠው።

የእማዬ ጸሎት አይለይህ። በር የምትከፍትበትን እጅህን እግዜር ይባርክልህ፣ የምትዘጋበትንም ይማርልህ።

ደግሞ ጸሐፊ ሆንኩ ብዬ ነገር አካበድኩብህ መሰለኝ። ተወው፣ ትንሽ ነገር ነው። የአንድ ጥንድ ካልሲ ጉዳይ ነው፣ ሽማግሌውን ሲሚንቶው እንዳይበርደው ብዬ ነው።

ሙጫ የቀባችው
ታናሽ እህትህ