ገመዱን የቀደመው ቀበቶ

ሾዋክ (ሱዳን)፣ ኅዳር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ጅዳ ላለሽው፣ ለምወድሽ እማዬ፣

አንገቴን ደፍቼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ የምናዘዘው ኃጢአት አለኝ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የአባዬን የልብ ቀበቶ ለፍየላችን አስታጥቄያታለሁ። ፍየሏ ደህና ናት። በሽንኩርት ልጣጭ ታርቀናል።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ የአባዬ ስለሆነ ነው። እንደምታውቂው ድምፁን ከፍቶ፣ ጎረቤቱን ሰብስቦ ነው የሚያወራሽ። አንቺ «እንዴት ሰነበታችሁ» ስትይ ከአጥር ማዶ ያሉት ሳይቀሩ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ስለዚህ ደብዳቤውን ወደ ጅዳ ለሚመለሰው ለስንሻው እሰጠዋለሁ።

ስለ ቀበቶው ልንገርሽ። ባሕሪያ የምትባል ልጅ ከገዳሪፍ መጥታለች። እዚያው ተወልዳ ያደገች የሐበሻ ልጅ ናት፤ ኻርቱም ተምራ የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ሆናለች። አማርኛዋ መሐል ዐረብኛ ጣል ታደርጋለች፤ አባዬን እንኳ «ዐም አየነው»፣ አጎቴ አየነው፣ ነው የምትለው። ጎርፍ የወሰደውንና ጉድጓድ የገባውን ሰው ለሚያወጡት ለነአባዬ፣ ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ ሰጠቻቸው። ቀበቶው ልባቸውንና ትንፋሻቸውን ይለካል፤ ትከሻ ላይ የሚሰካው ትንሽ ነገር ደግሞ መጥፎ አየር ሲያገኝ ያፏጫል። ሁሉም እሷ እጅ ወዳለው ታብሌት ይመጣል። ሰውዬው ሌላ ቦታ ሆኖ ልቡ እሷ ጋ ይታያል።

ሰው ሲወርድ ገመዱን የሚይዙት አባ ኪዳኔ ቀበቶውን አገላብጠው አዩና «እኔን የሚለካኝ የመቃብሬ ቆፋሪ ብቻ ነው» አሉ።

ፍየሏ የገባችው እዚህ ላይ ነው። ባሕሪያ ታብሌቱን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ዐም አየነው የት ነው? ልቡ እየሮጠ ነው» አለች። ሽማግሌዎቹ በሙሉ አባዬን ፍለጋ ወጡ። አባ ኪዳኔ ያለ ከዘራ መሮጥ እንደሚችሉ ያን ቀን ታወቀ። አባዬ ዛፍ ሥር ተኝቶ ያንኮራፋል፤ ፍየሏ ከአጥሩ ጀርባ ቀበቶዋን ታጥቃ ትዘላለች። ከዚያ ወዲህ አባ ኪዳኔ ታብሌቱን «የፍየል ሐኪም» ይሉት ጀመር።

ባለፈው እሑድ፣ በአንድ ነጋዴ እርሻ ላይ፣ አዲሱን ማሽላ ለማስገባት የከረመውን ከመጥሙራ ሲያወጡ፣ ለአጨዳ ከመተማ የመጣ ተሻለ የሚባል ልጅ ወርዶ ዝም አለ። የመጥሙራን ነገር ታውቂዋለሽ። ዓመት ሙሉ ተደፍኖ የከረመ የእህል ጉድጓድ ነው፤ እህሉ አየሩን ይጨርሰዋል፤ የገባ ሰው ሳይጮህ ይተኛል። አባዬ ቀበቶውን ታጥቆ፣ ሁለት ገመድ ይዞ ወረደ፤ አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ለተሻለ። ትከሻው ላይ ያለው ነገር ወዲያው አፏጨ። አባዬ አልሰማ አለ።

ታች ያለ ሰው ትንፋሹን ስለሚቆጥብ አይናገርም፤ ቋንቋው ገመዱ ነው። እሱ ሳይጎትት ማንም አያወጣውም። ሳይጠራ የወጣ ሰው ፈሪ ይባላልና።

አባዬ ተሻለን አስሮ የልጁን ገመድ ጎተተ፤ ልጁን አወጡት፤ ሳለ፤ ሰዉ ሁሉ እሱን ከበበ። የአባዬ ገመድ ግን ዝም እንዳለ ነው። እኔ ውሃ ይዤ ተከትያቸው ስለነበር ከባሕሪያ አጠገብ ቆሜ ታብሌቱን አያለሁ።

እማ፣ የአባዬን ልብ አየሁት። ጥቁር ላይ የተሰመረች አረንጓዴ መስመር ናት፤ ብድግ ትላለች፣ ቁጭ ትላለች። ልጅ ሆኜ ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጥፌ የማውቀው ያ ድምፅ፣ ከመሬት ሥር ሆኖ ዓይኔ ፊት ይመታል። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ደረቱ ውስጥ ይዞ እንዴት ስለ ቲማቲም ይጨቃጨቃል?

ከዚያ መስመሯ መሳሳት ጀመረች። ብድግ ትልና፣ ቀጥሎ ያለውን የረሳች ይመስል ትቆያለች።

«አውጡት፣ ዐም ኪዳኔ» አለች ባሕሪያ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ደክሟል።»

«አልጎተተም» አሉ አባ ኪዳኔ።

«ልቡ እየቆመ ነው እኮ።»

«የፍየል ሐኪም ነገር። አየነውን ሳይጠራ ባወጣው ዕድሜ ልኩን አያናግረኝም።»

አለማመንን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ታብሌቱን ነጥቄ ዓይናቸው ሥር አስጠጋሁት። «አባ፣ ፍየሏ እቤት ታስራለች። ይቺ አባዬ ናት» አልኳቸው። መስመሯን በጣታቸው ነኳት። ጣታቸው እዚያው እንዳለ ቆመችባቸው፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብድግ አለች። ገመዱን መጎተት ጀመሩ፤ ሌሎቹ ሳይደርሱላቸው ግማሹን ብቻቸውን ጎተቱት።

አባዬ ከንፈሩ ጠቁሮ ወጣ። ባሕሪያ ይዛው የመጣችውን ኦክስጅን አፉ ላይ አደረገችለት፤ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ። የመጀመሪያ ቃሉ «ማነው ያለ ጥሪ ያወጣኝ?» ነበር።

«ልብህ ጎተተ» አሉት አባ ኪዳኔ፣ ፊታቸውን አዙረው። እያለቀሱ ነበር፤ አቧራ ነው ይላሉ።

አሁን ይበላል፣ ይራመዳል፣ ይቆጣኛል። ግን ከማግስቱ ጀምሮ ቀበቶውን ታጥቆ ሲውል መስመሯ አሁንም አልፎ አልፎ ትረሳለች። ባሕሪያ «ይሄ የመጥሙራው አይደለም፣ የቆየ ሕመም ነው፤ ገዳሪፍ ሐኪም ይየው» አለች። እሱ አልሄድም አለ፤ ከሄደ ገመዱን የሚነጥቁት ይመስለዋል። ለአንቺ የነገረም ከቤት ይወጣል ብሏል። እኔ ስነግረው ይስቃል። ባሕሪያ ስትነግረው ሻይ ይጋብዛታል። አንቺ ስትቆጪው ብቻ ነው የስልኩን ድምፅ ዝቅ የሚያደርገው። ቆጣ ብለሽ ደውይለት፣ እማ። ከእሑድ ወዲህ ሲያወራኝ ፊቱን ሳይሆን ደረቱን ነው የማየው።

የምታገለግያቸው ሰዎች ልብ ይራራልሽ፤ እግርሽ ደህና መጥቶ ይህን ደጅ ይርገጥ። ከኋላዬ የሆነ ሰው ትንፋሽ ይሰማኛል፤ ፊደል እየቆጠረ ነው መሰለኝ። ዞሬ አላይም።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ፣ አይናለም

«አይናለም! ‹ሄዷል› ብለሽ ጻፊላትና ጫማዬን አቀብዪኝ፤ የገዳሪፉ መኪና ሊሞላ ነው።»