የረምላ ቀኝ ጆሮ

ይድረስ ለወንድሜ ለኢስሀቅ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? አብረውህ የሚኖሩት ልጆች ደህና ናቸው? እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ ጥሩ ነው፤ በርበሬውም ዘንድሮ አምሮበታል።

ይህን በስልክ ልነግርህ ስንቴ ጀምሬ ወሬ ለወጥኩ። ስለዚህ ጽፌ ወደዚያ በሚመለሰው በሀቢቡ እጅ ልኬልሃለሁ። ለልጅህ ለረምላ የላክኸው የወርቅ ጉትቻ ደርሷል። ሚስትህ ሲና ከፍታ ስታየው ስታለቅስ በኢሞ ቪዲዮ አይተህ የደስታ መስሎህ ነበር፤ አይደለም። ረምላ ስትወለድ ቀኝ ጆሮዋ አልወጣም፤ በቦታው ያለችው ባቄላ የምታህል ሥጋ ብቻ ናት። ስድስት ወር ሙሉ በኢሞ በግራ ጎኗ ብቻ ስናሳይህ የከረምነው ለዚህ ነው። የደበቅሁህ እኔ ነኝ፤ ሚስትህን እንዳትቀየማት።

እሷማ ነፍሰ ጡር ሆኜ የበርበሬ ጆንያ ስለተሸከምኩ ነው እያለች ራሷን ስትበላ ኖረች። የሰው አፍም መዝጊያ የለውም። ባለፈው ሳምንት እጇን ይዤ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ገና ማህፀን ውስጥ ሳይሠራ የቀረ ነው፣ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም አለቻት። ሲና ሁለቴ አስደገመቻት።

ከዚያ መዳፋችንን ከጆሯችን ኋላ እንድናደርግ አዘዘችን፤ ድምጿ ጎላ አለ። የውጭው ጆሮ ሥራው ይኸው ነው አለች። ድምፅ ይሰበስባል፤ እጥፋቶቹም ከፊት ይምጣ ከኋላ ለመለየት ይረዳሉ። ድምፁ በቀዳዳው አልፎ ታምቡሩን ይመታል። የጆሮ ኩክ እንኳ ለካ አቧራ የሚይዝ ዘበኛ ኖሯል። አንተም ጆሮህን በቁልፍ መጎርጎርህን ተው።

የረምላ የቀኙ ቀዳዳ ተዘግቷል፤ ግራው ግን ሙሉ ጤነኛ ነው። ትሰማለች፣ አፍም ትፈታለች። ድምፅ በአጥንት በኩል የሚያሰማ፣ ራስ ላይ የሚታሰር መሣሪያ አለ፤ ስታድግ ደግሞ ከገዛ ጎኗ ለስላሳ አጥንት ተወስዶ ጆሮ ሊሠራላት ይችላል። ለተጨማሪ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጽፋልናለች። ለጊዜው ስትጠራ ድምፁ ከየት እንደመጣ ይጠፋባታል፤ ዞር ዞር ብላ ፈልጋ ስታገኝህ ትስቃለች።

የሲና ጭንቀት አሁን ጆሮው አይደለም፤ አንተ ነህ። ሲያውቅ ዝም ቢለኝስ ትላለች። ከደብዳቤው ጋር ያለውን የረምላን የቀኝ ጎን ፎቶ ያነሳችው ራሷ ናት። ደብዳቤው በደረሰህ ቀን ለእኔ አትደውል፤ ለሷ ደውል። የምትለው ቢጠፋህ እንኳ ስሟን ጥራት።

እናታችን በዱዓ ታስብሃለች። ባለቤቴም በጣም ሰላም ብሎሃል፤ ልጃችን ኡሚም አጎቴን ሳሙልኝ ብላለች። ሲና ሰላምታ አልላከችም፤ ያንተን ነው የምትጠብቀው።

ታላቅ እህትህ ናጃህ
ቡታጅራ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.