ደብረ ብርሃን ብርድ ነው ይላል

ውድ የእህቴ ልጅ ዮርዳኖስ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ከገባ ሾፌሩ ተፈራ ከእኔ የተሻለ ፈላጊ ነው ማለት ነው። ከመርሳ መንገዱ ተከፍቷል፤ ኔትወርኩ ግን ገና አልመጣም። እሱ ወደ ደብረ ብርሃን ሊነሣ መኪናውን እያሞቀ ነው፤ እኔ ደግሞ ቁጭ ማለት አቅቶኝ እየተነሣሁ እጽፋለሁ። በር ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር አንቺ ትመስይኛለሽ።

ጦርነቱ ሳይደርስብን ስልኬ ላይ የጫንሽልኝን፣ ያለ ኔትወርክ የሚነበበውን ዊኪፔዲያ ታስታውሻለሽ? «ጋሼ፣ አፍዎን ከሰው ላይ ያንሱና ይህን ያንብቡ» ያልሽኝን? ታዘዝሁ። በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ በእግርሽ ከወጣሽ ወዲህ፣ ስልኩን በባጃጅ ባትሪ እየሞላሁ ሳነብ ከረምሁ። ደሴን ከፈትሁ። ሰማያዊውን ቃል ስነካ ሌላ ገጽ፣ እሱን ስነካ ሌላ፤ ሳላስበው ዓሣ ነባሪ ላይ ደረስሁ።

እናትሽ አጠገቤ ነበረች።

«ስለ ልጄ ምን ይላል?»

«እታለም፣ አሁን ያለሁት ዓሣ ነባሪ ላይ ነው።»

«አንተ ቀልደኛ! ዓሣ ነባሪና ልጄን ምን አገናኛቸው?» አለችና መልሳ፣ «እሱስ ቢሆን ዮናስን መልሷል» አለች።

ዓሣ ነባሪውን ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ በመንገድሽ ያሉትን ከተሞች በተራ አነበብሁላት፤ ሐይቅን፣ ደሴን፣ ኮምቦልቻን። ስልኩ ጦርነቱን አያውቅም፤ አንቺ በጫንሽበት ቀን ላይ ቆሟል። እዚያ ውስጥ ወልድያ ላይ አንድ ጥይት አልተተኮሰም። እናትሽ ግን ሁሉም የዛሬ ወሬ ይመስላታል። ደብረ ብርሃን ስንደርስ «ብርዳማ ከተማ» የሚል አነበብሁ።

«ነጠላ ብቻ ነው የለበሰችው!» ብላ ብድግ አለች። ሳጥኗን ከፍታ ለወደፊት ባልሽ ያሠራችውን ጋቢ አወጣች።

«ኧረ ባልየው ይብረደው ወይ?»

«ይብረደው! ልጄ ደብረ ብርሃን ናት። ራስህ አነበብህልኝ እኮ!»

እንዲያ ብዬ አላነበብሁም። ስምሽንማ ፈልጌዋለሁ፤ «ዮርዳኖስ» ስል ወንዙ ይመጣል። ወንዙን ማን ጠየቀ! እውነቱን ልነግራት አፌን ስከፍት፣ ጋቢውን እያጠፈች ስታንጎራጉር ሰማኋት። ከሄድሽ ወዲህ ድምጿ ወጥቶ አያውቅም ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ጋቢው ከደብዳቤው ጋር ነው። ተፈራ ተፈናቃዮች ያሉበትን ሁሉ ስምሽን እየጠራ ይዞርልኛል። እዚያ ካለሽ ልበሽው። ሌላ ቦታ ከሆንሽም ሰው ተቀባብሎ ያድርስልሽ። ብቻ ለእናትሽ አንዲት መስመር ጽፈሽ ላኪ። «ብርድ ነው» በያት፣ ይበቃል። አንድ ቀን እንኳ ስለ አንቺ በእውነት የተጻፈ ነገር ላንብብላት።

በሩን ገርበብ አድርጎ የሚጠብቅሽ፣
አጎትሽ ገበየሁ
ከመርሳ