በጅራታሙ ኮከብ ያለቀው ፊልም

ለባለቤቴ፣

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ሞላ። እንደ ሌሎች ሚስቶች «ናፍቀኸኛል» ብዬ ልጀምርልህ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያውን አሳድሻለሁ። ልጃችን እዚሁ መካነ ሰላም፣ አንተ በነበርክበት ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ያንን ፎቶ ግን ከግድግዳው አውርጄዋለሁ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምትኮራበትን፣ የጅራታሙን ኮከብ።

በዚያ ክፉ የረሃብ ዓመት እናቴ ከቆላ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ ስትደርስ የቀራት አጥንቷ ብቻ ነበር። ምግቡን ሆዷ አልቀበል አለ። አንድ ነገር ብቻ ለመነችህ፤ «የኔ ልጅ፣ ፎቶ አንሳኝ። ልጄ ከሁመራ ሲመለስ መልኬን ይየው።» ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ነበር። አንተም «አብሽሩ እማማ፣ ነገ አነሳዎታለሁ» አልካት።

በማግስቱ ጸጉሯን አበጠርኩላት። ነጠላዋን አስተካክላ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችህ። ጀምበር ስትጠልቅ መጣህ፤ ካሜራህን ይዘህ በአጠገቧ አለፍክ። ኮከቡ በአባይ በኩል ጅራቱን ዘርግቶ ስለታየ አገሩ ሁሉ ወጥቷል። ተከተልኩህ። ካሜራውን ካብ ላይ አስደግፈህ፣ ትንፋሽህን ውጠህ ቆመሃል።

«እናቴስ?» አልኩህ።

«ከፊልሙ ሁለት ብቻ ነው የቀረኝ። ይሄ ደግሞ ዳግም አይመጣም።»

ሁለቱንም ሰማይ ላይ ጨረስካቸው። እሷስ ዳግም ትመጣ ነበር? ሌላ ፊልም ከደሴ ሳይደርስ፣ በአራተኛው ቀን ቀበርናት።

ወንድሜ ተመልሶ «መልኳን እንኳ አላስቀራችሁልኝም?» ሲል አንገትህን ደፋህ። መንግሥት ተገልብጦ የረሃቡን ነገር የሚጠይቁ ሰዎች ሲመጡም ያሳየሃቸው ኮከብህን ነው።

ታመህ በተኛህበት ሰሞን እውነቱን ነገርከኝ። ፊልሙ ሰበብ ነበር፤ ያንን ፊቷን በካሜራው ውስጥ ማየት ፈርተህ ነው። ያን ፊት እኔ በየቀኑ አጥቤዋለሁ። ፈራሽ ወይ ብሎ ማን ጠየቀኝ? ለታመመ ሰው አይባልም ብዬ ያኔ ዝም አልኩህ። ኮከቡን ከእሷ አስበልጠህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ አንድ ነገር ወደህ ነበር እል ነበር።

ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትህን አውጥቻለሁ። ስምህን ከእናቴ ስም ጋር አስጠርቻለሁ፤ በሕይወት እስካለሁም በየዓመቱ አስጠራዋለሁ። አልረሳህም። ይቅርታውን ግን ከእሷ ጠይቅ፤ አሁን ለእሷ የምትቀርበው አንተ ነህ።

ሚስትህ