የፈይሰል ሱቅ ገጽ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለፈይሰል፤

በቅድሚያ ልትረዳው የሚገባህ፣ ድረ ገጽ ተሠርቶ ቢያልቅም ኢንተርኔት ላይ እስኪለቀቅ ድረስ ከሠሪው በቀር ማንም እንደማያየው ነው። አሰላሙ አለይኩም። እኛ ሸዋሮቢት አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ያዘዝከኝን የሱቅህን ገጽ ጨርሻለሁ። ከላይ ስምህ፣ መሐል የማሾና የሰሊጥ ፎቶ፣ ከታች ስልክህ አለ። የአጣዬው ሱቅህ ግን ታጣቂዎች ለኩሰውት ጣሪያው ተደርምሷል። ጎረቤትህን ሱሌይማንንም በሩ ላይ ተኩሰው ገድለውት ቀብረነዋል። አንተን ወደ ወንዙ ስትሮጥ አይቻለሁ የሚል ሰው አለ። ሱቁ ስለተቃጠለም ገጹ ላይ ያለውን የሱቅህን አድራሻ ወደ እኛ ቤት ቀይሬዋለሁ።

ትናንት ጎረቤቶች የለቅሶ ድንኳን ሊተክሉ መጡ። እናትህ ማጭድ ይዛ ወጥታ ገመዱን በጠሰችው።

«ማን ሞተብኝ አላችሁ? ከደጄ ጥፉ!»

ሊይዛት የሞከረውን ሰው እጁን በማጭዱ አቆሰለችው፤ ቁስሉን እኔ አሰርኩለት።

ተማሪዎቼን እንደማስተምራቸው፣ ያልተሞከረ ገጽ አይለቀቅም። ስልክህን ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አይነሳም። ቁጥሩን ተሳስቼ ጽፌ ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ የካራቆሬ ሾፌር ያለህበትን እየጠየቀ ያደርስልሃል። እናትህ ሰላም ብላሃለች፤ አላህ ይጠብቅህ። ትክክለኛውን ቁጥር በራስህ እጅ ጽፈህ ቶሎ መልስልኝ።

አጎትህ አብዱልመጂድ