እሁድ እሁድ ብቻ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ሳሉስ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ድካም ብቻ ነው። ይህን የሚያነብልሽ ወንድሜ ስለሆነ ለእሱም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ሳሚልኝ። እነሱ ቤት ከገባሽ ወዲህ የልጆቹ ጫጫታ እንቅልፍ እንደነሳሽ ነግሮኛል። አንቺ አፍ አውጥተሽ እንደማትናገሪ አውቃለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ ትዪ ይሆናል። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ልጆቹ ጉንፋን አውርተን ዘጋን።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ ሰው የጻፈውን ሳርም እውላለሁ፤ የጎደለ ፊደል፣ የተደገመ ቃል፣ ያለ ቦታው የገባ ነጥብ። ቤቴ ስገባ ዓይኔ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስለኛል። የራሴን መጽሐፍ ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆኖኝ እንኳ አርባ ገጽ አልሞላልኝም ነበር። ታዲያ አንድ ቀን አለቃችን የአንድ ጡረተኛ ሁለተኛ መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ «ያንቺውስ መቼ ነው?» አለኝ። ለቀልድ ነው። እኔን ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ።

በዚያው ሳምንት ጊዜዬን የሚበላውን ሁሉ ቆረጥኩ። ቴሌቪዥኑን ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ ሰጠኋት። ከሥራ ስንወጣ ከባልደረቦቼ ጋር ሻይ ቤት መቀመጤን ተውኩ። መጀመሪያ ሰሞን «ደራሲዋ» እያሉ ሲያሾፉብኝ ነበር፤ ኋላ ነይ እንሂድ ማለቱንም ተዉት። ልብስ መተኮስ ቀረ። የተጨማደደ ቀሚስ ለብሼ ስሄድ የሞተ ሰው የለም። ስልኬንም ቤት እንደገባሁ ድምፁን አጥፍቼ ቁም ሣጥን ውስጥ እከተው ጀመር።

ከዚያ ያንቺ ተራ ደረሰ። ያኔ በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትደውዪልኝ ነበር። አንዱን ቁልፍ ስትጫኚ እኔ ጋ እንዲደውል ያደረግኩልሽ እኔው ነኝ። «የደም ግፊቱ ክኒን ክቡ ነው ረዘም ያለው?» ትዪኛለሽ። ቀን መቁጠሪያው ፊት ለፊትሽ ተሰቅሎ፣ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ትዪኛለሽ። ብቻዋን ሆና ወሬ አምሯት ነው እል ነበር። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ማንበብ እንዳቃተሽ እንዴት በልቤ ይምጣ። እናም «እማዬ፣ ከእንግዲህ እሁድ እሁድ ብቻ እናውራ» አልኩሽ። «እሺ የኔ ልጅ፣ ሥራሽን ሥሪ» አልሽኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቴም በዚያው ቀረ።

መጽሐፉ ግን ሄደልኝ። ልዋሽሽ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በአምስት ወር ሁለት መቶ ገጽ አለፍኩ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ስልኬን ሳወጣ አሥራ አንድ ጊዜ ደውለሽ አገኘሁ። አውቶቡስ እየጠበቅኩ መልሼ ደወልኩ። «አንድ ወረቀት ነበረች፣ ላስነብብሽ ብዬ ነው። ግድ የለም፤ ስትመጪ ታይልኛለሽ» አልሽ። የምን ወረቀት እንደሆነች አልጠየቅኩሽም። አውቶቡሱ መጣ፣ ተሳፈርኩ። ያን ቀን ስድስት ገጽ ጻፍኩ።

የቀረውን የሰማሁት ከወንድሜ ነው። ከወር መንገድ በኋላ የጭነት መኪናውን አቁሞ ሊጠይቅሽ ሲመጣ፣ ሻዩን ከስኒው ውጪ ስትቀጂ አየሽ። ወረቀቷን ትራስሽ ሥር አገኛት። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበረች፤ ቀኑ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ይዞሽ ሄደ። ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይንሽን አይቶ፣ «በቀጠሮዋ ብትመጣ የቀረውን እናተርፍላት ነበር» አለው። ለምን እንዳልሄድሽ ሲጠይቅሽ፣ «ቀኑን ረሳሁት» አልሽው። በጣም ተቆጥቶሽ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል፤ አሁንም እንዳልበረደለት ከድምፁ ያስታውቃል።

ወንድሜ፣ እዚህ ስትደርስ እንዳታቆም፤ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ። እናታችን ቀን ረስታ አታውቅም። ከዚህ በኋላ አትቆጣት።

እማዬ፣ መጽሐፉ አልቋል። አለቃችን አንብቦ ወዶታል፤ እናትሙት ይላል። እኔ እስካሁን እሺም እንቢም አላልኩትም። የሁለት ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እደርሳለሁ። አትድከሚ እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ እመጣለሁ። ስደርስ ስለ መጽሐፉ አትጠይቂኝ። የምትዪኝ ካለ ግን ሁሉንም በዪኝ፤ እሰማሻለሁ።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ወንድሜንም ከመንገድ ክፉ ይጠብቅልን። እጅሽን ስሜያለሁ።

ልጅሽ